ወረንጦ ሰብሳቢዋ

ውድ ውባንቺ፣

«ለጤናሽ እንደምን ነሽ» ብየ አልጀምርም። ጤናሽን ከልጅሽ ከውዳሴ እሰማለሁ፤ አንች «ደህና ነኝ» ብትይኝማ አላምንሽም። ባለፈው በስልክ የዐይንሽን ነገር ሳነሳ «ካርዴ ሊያልቅ ነው» ብለሽ ዘጋሽብኝ። የደወልሁት እኔ፣ ካርዱ የኔ! እስቲ ይህንንም ዝጊው። በገዛ እጄ ነው የጻፍሁት፣ በገዛ ዐይኔ እያየሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማርኋት ፊደል ይኸን ሁሉ ዘመን ተኝታ ኖራ አሁን ተነሳችልኝ። መስመሩ ቢንጋደድ ውዳሴ ስታነብልሽ ታቃናዋለች። አንች ውዳሴ፣ የኔ ልጅ፣ እናትሽ ብትቆጣም ብታለቅስም አንዲት ቃል እንዳትዘይባት። አደራሽን።

ውባንቺ፣ ኮርቻለሁ። ባዳ ፊት እንዲህ አይወራም፤ አንች ግን ባዳ አይደለሽምና ሁሉንም ልነግርሽ ነው።

ያን ክረምት ታስታውሻለሽ? ሩዝ አረም ላይ ነበራችሁ፣ ውኃው እስከ ጉልበታችሁ። እኔ ድስቶቼን ተሸክሜ በዳር በዳር ሳልፍ፣ አንች መሐል ጭቃው ላይ ቆመሽ ዐይንሽን በጭቃ እጅሽ ስታሺ አየሁሽ። ጮህሁብሽ። «የዐይኔ ጠጉር እየወጋኝ ነው፤ ማን ይንቀልልኝ? ሁሉም ሥራ ላይ ነው» አልሽኝ። ባሌ ገሰሰ የቀጠቀጣት ወረንጦ ከመቀነቴ ተለይታ አታውቅም ነበር፤ እኔንም ያው ይወጋኛላ። «ውጭ ወደዚህ» አልሁሽ። ወጣሽ። ያ ሁሉ አራሚ ቀና ብሎ እያየ፣ ባልሽ ደሞዝም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አፉን ከፍቶ እያየ፣ ጭንቅላትሽን የሸክላ ሠሪዋ ጭን ላይ አሳረፍሽ።

አገሩ እኛን ምን እንደሚለን ለአንች አልነግርሽም። ማሰሮውን ከእኔ ይገዛል፣ ማረሻውን ገሰሰ ዘንድ ያሠራል፤ ዞር ሲል ደግሞ «ቡዳ ናቸው» ይላል። ልጅ ያዘለች ሴት መንገድ ላይ ካገኘችኝ ልጇን በነጠላዋ ጀቦን ታደርገዋለች። አንች ግን ዐይንሽን ገልብጠሽ ሰጠሽኝ። በማግስቱ ጎረቤትሽ የነበረችው ታይቱ «ምነው ውባንቺ፣ ሰው ጠፍቶ ነው ዐይንሽን ለቡዳ የሰጠሽ?» ብላ ስትጠይቅሽ፣ «ከበላችውማ መውጋቱን በተወኝ ነበር!» አልሻት። ይኸን የነገረችኝ ራሷ ታይቱ ናት፣ በቅርቡ፣ እየሳቀች። እንዴት እንደሳቀች ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያ ሳንሄድ፣ ጀንበር ብቅ ስትል፣ እቤቴ ጓሮ እንቀመጥ ነበር። መጀመሪያ እኔ አንችን፣ ቀጥሎ አንች እኔን። የሰው ሐሜት ያወራነው፣ የልጆቻችንን ጋብቻ የመከርነው እዚያ ነው። ጠጉሩ ይበቅላል፣ እንነቅለዋለን፤ ተመልሶ ይበቅላል። መንቀሉ መድኃኒት ይመስለን ነበር። ግራ ዐይንሽ ነጭ ነገር ሲጥልባት እንኳ «ምች ነው» ተባባልን። ወንዛዬ ወርደሽ በፍል ውኃው ታጠብሽ፣ ጠበሉንም ተጠመቅሽ። እኔ ጠበሉን አልነቅፍም፣ ዛሬም እጠመቃለሁ። ብቻ ግራ ዐይንሽ ጠፋች፣ እኛም መንቀላችንን ቀጠልን። ሌላ ነገር መኖሩን ማን ነግሮን?

ደሞዝ ሲሞት ውዳሴ መጥታ አንበሳሜ ወሰደችሽ። ደግ አደረገች፣ አልቀየምኋትም። ግን ማን ይንቀልልኝ? ገሰሰ ወረንጦ መሥራት እንጂ መያዝ አያውቅም፤ ጠጉሩን ትቶ ቆዳየን ይቆነጥጠኛል። ስጮህ ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ደግሞ ይብስበታል። በመጨረሻ «ሂድልኝ!» ብየ አባረርሁት። ዐይኔ ቀን ከቀን እየጨፈገገ መጣ። «ሸክላ በእጅ ነው የሚሠራው፣ ዐይን አያስፈልገውም» እያልሁ ሥራየን ቀጠልሁ።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው «የወገን ዐይን» የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ወረታ የመጣው። ካለው ሰው ያሰባስባሉ፣ በነጻ ያክማሉ። ባምላክ የሚባል ነርስ አላቸው፣ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ቀጭን፣ ለሰው አክብሮት ያለው። ዐይኔን ገልጦ በባትሪ አየና «እናቴ፣ ይኸ በመንቀል የሚያልቅ አይደለም። የዐይንዎ ሽፋን ወደ ውስጥ ተቀልብሷል፤ ወደ ውጭ መልሰን እንሰፋዋለን» አለኝ። ልሸሽ ነበር። እውነቴን ነው፣ እግሬ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እቤት ማን አለኝ? ገሰሰና መቆንጠጡ። ተመለስሁና ተኛሁ።

መርፌው ያማል፣ አልዋሽሽም። ከመርፌው ወዲያ ግን እጃቸው ሲሠራ ይሰማሻል እንጂ አያምሽም። አሽገውኝ አደርሁ። በማግስቱ ሲፈቱልኝ ቤቴ ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳ ሥር የደረደርኋቸውን እንስራዎች ነው። ውባንቺ፣ ምን ልበልሽ! አንዱ አንገቱ ተጣሟል፣ አንዱ ሆዱ ወደ አንድ ወገን ወጥቷል። «ገሰሰ! ይኸን ነው ለሰው ስሸጥ የከረምሁት?» ብለው፣ «እኔማ አይቸው ነበር፣ እንዳይከፋሽ ብየ ነው» አይለኝም? ስቄ ስቄ ስፌቱ እንዳይፈታ ፈራሁ። ከዚያ አለቀስሁ። አንች አጠገቤ አልነበርሽማ።

የአምናው ዓመት ሊገባ ሲል፣ ጳጉሜ ላይ፣ ከሴቶቹ ጋር ወንዛዬ ወረድሁ። እንደ ወጉ ውኃው ውስጥ ሆነው «ለከርሞ ምን ተሳልሽ?» ይባባላሉ። አንዷ ልጅ ለማግኘት፣ አንዷ ላሟ እንድትወልድላት። ታይቱም ነበረች፤ እኔ ስገባ ቀስ ብላ ወደ ወዲያኛው ዳር ተጠጋች። አየኋት፤ ዐይኖቿ ቀልተው እያለቀሱ ነበር፣ ቅንድቧ ሥር ቆዳው በወረንጦ አልቋል። እልህ ያዘኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «እኔ ደግሞ ለዮሐንስ ተስያለሁ! በሚገባው ዓመት ከዚህ እስከ ርብ ድረስ ዐይኑን ጠጉር የሚወጋውን ሁሉ ይዠ ሐኪም ፊት አቀርባለሁ፤ ሐኪሞቹንም በእጄ ሙያ አግዛለሁ!» አልሁ። ካልሁት በኋላ እኔም ደነገጥሁ። ስለት መሆኑ ነው፣ መመለሻ የለውም።

በሙያየ ያገዝሁት ምን መሰለሽ? ባምላክ በሽታው የሚዛመተው በሕጻናት ቆሻሻ ፊትና በዝንብ ነው ብሎኝ ነበር። ስለዚህ በር ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ማሰሮ ሠራሁ፣ ከሥሯ በቀጭኑ ተበስታ ቡሽ የተወተፈባት። ልጁ ቡሹን ነቅሎ ፊቱን ይታጠባል። ዕድሜየን ሙሉ ማሰሮየ እንዳይፈስ ስጠበብ ኖሬ አሁን ሆን ብየ እበሳዋለሁ! መንደሩ «ትርሲት ለየላት» አለ። ገበያ ላይ አንዱ ሰውየ አንስቶ በቀዳዳው ወደ ሰማይ አይቶ «ይኸንስ በነጻም አልወስድ» አለኝ። «በነጻ ነው፣ ትወስዳለህ!» ብየ አሸከምሁት። ዛሬ በእኛ ቀበሌ በር ላይ ማሰሮ ያልተንጠለጠለበት ቤት ስታይ ያ ቤት ሰው የለውም ማለት ነው።

ጉዱ የመጣው ከጥምቀት በኋላ ነው። ሐኪሞቹ ሊመጡ ሲሉ ቤት ለቤት ዞርሁ። ግማሹ በር ዘጋብኝ፣ ግማሹ እኔን ፈርቶ እሽ አለኝ፤ መፈራቴ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመኝ እንጂ! ታይቱንም ለመንሁ፣ መምሬ መባንም ለመንሁ። «ታጥባችሁ፣ ተሰናድታችሁ፣ ሰው መስላችሁ ኑ» አልኋቸው። አፌ በተቆረጠ! ሁሉም ነጫጭ ለብሰው፣ ቅቤ ተቀብተው መጡ። ጤና ኬላው ግቢ ሞላ። እኔ እንደ ሙሽራ እናት እዚህም እዚያም እላለሁ። ባምላክ የመጀመሪያውን ሰው ዐይን ገለጠ፣ ሁለተኛውን ገለጠ፣ ሦስተኛውን ገለጠና ወደ እኔ ዞረ።

«እትየ ትርሲት፣ ምንድን ነው ያመጡልኝ? ሁሉም ሙልጭ ብሎ ተነቅሏል!»

ለካ «ተሰናዱ» ስላቸው፣ ጎሕ ሲቀድ ተነስተው በገሰሰ ወረንጦ አንዱ የአንዱን ዐይን ሲነቅል ነው ያነጋው። መምሬ መባ ደግሞ ተቆጡ። «ሐኪም ፊት በወጉ ነው እንጂ የሚቀረበው፤ ጠጉራችንን አንጨፍርረን እንምጣ?» አሉ። ባምላክ ጠጉሩ ወዴት እንደሚዞር ሳያይ በትክክል መስፋት እንደማይችል አስረዳቸው። ጠጉሩ እስኪበቅል ሳይነቅሉ እንዲቆዩ፣ እነሱም ወደ ሐሙሲት ሄደው ሲሠሩ ሰንብተው እንደሚመለሱ ነገራቸው። ሕዝቡ ያ ሁሉ ነጭ ልብስ ለብሶ በመጣበት ተመለሰ። ከኋላየ «ቡዳዋ አታለለችን» የምትል ሴት ሰማሁ። አንዴ በር ከዘጉብኝ ዳግመኛ እንደማይከፍቱልኝ አውቀዋለሁ፤ ከንቱ የሚቀረው የኔ ስለት ብቻ ሳይሆን የእነሱም ዐይን ነው።

እቤቴ ገብቼ ገሰሰን «ወረንጦ ለማን ለማን ሸጠሃል?» አልሁት። «ለማን ያልሸጥሁት አለ?» አለኝ። ነጠላየን አጣፋሁና ወጣሁ። ቤት ለቤት ወረንጦ ሰበሰብሁ፣ ውባንቺ! «አምጡ! ሐኪሞቹ ሲመለሱ እመልስላችኋለሁ!» አንዷ በሌማት ሥር ደበቀች፣ አንዱ ጠፋብኝ አለ። መምሬ መባ አንዱን በክብር ሰጡኝ። «መምሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥምጣምዎ ውስጥ ያለውንም ይስጡኝ» አልኋቸው። አፍረው ፈትተው ሰጡኝ። ጠጉሩ ሲበቅል ደግሞ መከራ መጣ። ሰው በፀሐይ መውጣት አቃተው። እየዞርሁ በንጹሕ ጨርቅ ፊታቸውን እጠርጋለሁ፣ ይሰድቡኛል፣ እጠርጋለሁ። ታይቱ «አንች ቡዳ፣ ወረንጦየን አምጪ!» ብላ አለቀሰችብኝ። «ቡዳ የተበደረውን እንጂ የወሰደውን አይመልስም» አልኋት። ሳትፈልግ ሳቀች።

ሐኪሞቹ ተመለሱ። ሕዝቡም ዐይኑን ጨፍኖ፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ፣ ተግተልትሎ መጣ። መሪው እኔ ነበርሁ።

ታይቱን ሲፈቱላት አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዐይኗን ገለጠች፣ መጀመሪያ ያየችው የኔን ፊት ነው፣ ከቅርብ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ። ከዚያ አቅፋ አገላብጣ ሳመችኝ። ከደስታዋ ብዛት ረስታው ነው ብየ ነበር፤ በማግስቱ መንገድ ላይ ስታገኘኝም ሳመችኝ። የልጅ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ «ያዥልኝማ፣ ነጠላየን ላስተካክል» ብላ ሰጠችኝ። ያን ያንችን መልስ እየሳቀች የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ሕጻኑን ይዠ መሐል መንገድ ላይ ቆምሁ። የሰው ልጅ እንዲህ ሲሰጠኝ የመጀመሪያየ ነበር። ልኩራ እንዴ? ልኩራ እንጂ!

አሁን ለዘመን መለወጫ ደግሞ መምሬ መባ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው «ዐይኑን የሚወጋው ሰው ትርሲትን ይጠይቅ፤ ያለውም ለነዚያ ሐኪሞች ያዋጣ» አሉ። ስሜን ጠሩት፣ በሕዝቡ መሐል። አጥሩ ሥር ቆሜ ስሰማ ገሰሰ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። እቤት ስንገባ ግን «ገበያየን ዘጋሽው፣ አሁን ወረንጦ ማን ይገዛኛል?» ይለኛል። «እሾህ አልጠፋ!» አልሁት።

አምና አገር ሙሉ ተሳልሁ፣ ተሳካልኝ። ዘንድሮ ለዮሐንስ የተሳልሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። አንችን ነው።

ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ። «የቀረችኝ አንዲት ዐይን ናት፤ እሷንም ቢያበላሹብኝ በምን ልወጣ ልገባ?» ብለሻታል ለውዳሴ። አትቆጫት፣ ለደግ ነው የነገረችኝ። ፍርሃትሽ የሞኝ ፍርሃት አይደለም፤ አንድ ያለው ሰው ይሰስታል። እኔም በአንች ፋንታ ባምላክን ጠየቅሁት፣ እንዳይሸነግለኝም አስጠነቀቅሁት። እንዲህ አለኝ፦ «የጠፋችውን መመለስ አልችልም። ያለችውን ግን ጠጉሩ በየቀኑ እየፋቃት ነው። ከተውናት እንደ እህቷ ትሄዳለች። ከተሠራች መትረፏን ተስፋ አደርጋለሁ፤ እግዚአብሔር አይደለሁምና ከዚህ በላይ አልምልልዎም።» ስላልማለልኝ አመንሁት። ውባንቺ፣ አንች የምትጠብቂያት ዐይን እየተጠበቀች አይደለም። እየተነቀለላት እያለቀች ነው፤ ግራዋን ያጣናትም እኔና አንች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሳሳቅን ነው።

ሐኪሞቹ ውኃው ሲጎድል በጥቅምት ይመጣሉ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አይነቀልም። ውዳሴ ልጄ፣ ወረንጦውን አስቀምጪ፤ እናትሽ ብትለምንሽም አትስጫት። ውባንቺ፣ እስከዚያ እኔ ዘንድ ትሰነብቻለሽ። ሲወጋሽ ፊትሽን እጠርግልሻለሁ፤ ስትሰድቢኝ እሰማለሁ፣ ለምጀዋለሁ። የምትሠሪ ዕለት እጅሽን ይዠ እንድቆም ባምላክ ፈቅዶልኛል።

ይህን የምጽፈው ወረታ ቤቴ ቁጭ ብየ ነው። ነገ ግን የጉማራን ድልድይ ተሻግሬ፣ ሐሙሲት ላይ መኪና ለውጬ አንበሳሜ እገባለሁ። ወረቀቱን ለውዳሴ የምሰጣት እኔ ነኝ፣ ከደጃችሁ ቆሜ። ተነጋግረናል፣ ታውቃለች። ገብቼ በአፌ ብነግርሽ ተቃቅፈን እናለቅስና ቁም ነገሩ ይቀራል፤ የጻፍሁት ለዚህ ነው። እንግዲህ ውዳሴ እዚህ መስመር ላይ ስትደርስ እኔ ውጭ ተቀምጫለሁ። በስልክ እንደዘጋሽብኝ በሩንም ብትዘጊብኝ እመሻለሁ እንጂ አልሄድም። እሽ ካልሽ ጥሪኝ። እምቢ ካልሽም ጥሪኝና ፊት ለፊት እምቢ በይኝ፤ ምሳሽን ሳልበላ አልመለስም።

እንግዲህ ውዳሴ ዝም ትበል። ቀሪውን አንች ተናገሪ፤ እየሰማሁሽ ነው።

ደጅሽ ላይ ያለሁት፣
ትርሲት